የጣሊያን ሰዎች ለዓለም ያበረከቱት ሥራ

ገበያ ወጥተን ካልሲ እንገዛለን። ለልጆች መኮሮኒ ይዘን እንገባለን። ቤት ስንሠራ ሲሚንቶ ያስፈልገናል። ውሃው በቱቦ ይመጣል። ወፍጮው በናፍጣ ይሠራል፤ ብሎኑ ሲላላ ይጠብቃል። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ ይፈለጋል። እነዚህን ቃላት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ካልሲ፣ መኮሮኒ፣ ሲሚንቶ፣ ቱቦ፣ ናፍጣ፣ ብሎን፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ሳይታወቀን ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ስንናገር እንውላለን ማለት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ልንጽፍ መሆናችንን የሰሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቆጡን። «ጣሊያንን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ። «አባቴ ማይጨው ዘምተው ነበር። ሲመለሱ ጀርባቸው በመርዙ ተልጦ ነበር። ጣሊያን ለዓለም ያበረከተው ይኸንኑ ነው ብላችሁ ጻፉ!» ይህን ሲናገሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር።

ያሉት እውነት ነው። የጣሊያን መንግሥት አገራችንን ሁለት ጊዜ ወርሯል። በመጀመሪያው ጊዜ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ሆኖ ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስቱ የሙሶሊኒ ጦር በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ እያዘነበ ገባ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ጨፈጨፈ። አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ታገሉት፤ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ይህን የሚያስተባብል ቢኖር ውሸታም ነው። እኛም አንረሳውም።

ነገር ግን ሽማግሌውን አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው። «አባባ፣ ይህን መነጽርዎን መጀመሪያ የሠራው የየት አገር ሰው እንደሆነ ያውቃሉ?»

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንናገር። ከዚህ በኋላ የምንጽፋቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። የአውሮፓው ቁጥር ከእኛው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይበልጣል።

ጣሊያን በደቡብ አውሮፓ ያለ አገር ነው። እንደ ቦት ጫማ ሆኖ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ገብቷል። እስከ 1861 ድረስ አንድ መንግሥት አልነበረውም። ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ፒሳ፣ ጄኖዋ የሚባሉት ከተሞች በየራሳቸው ይተዳደሩ ነበር። ነጋዴዎቻቸው በመርከብ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሶርያ፣ ወደ ሰሜን አፍሪካ ይመላለሱ ነበር። ስለዚህ ከሌላው ሕዝብ ብዙ ዕውቀት ወሰዱ። የወሰዱትንም አሻሽለው ለሌላው አሳለፉ። ከዚህ በታች የምናየው ሥራ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው።

እንግዲህ ወደ መነጽሩ እንመለስ። ሰው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ የዓይኑ ብሌን ውስጥ ያለው ጥራት ያለው አካል እየደረቀ ይሄዳል። ሩቁን ያያል፤ ቅርቡ ግን ይደበዝዝበታል። መርፌ ማስገባት ያቅተዋል። መጽሐፍ ሲይዝ ከፊቱ ያርቀዋል፤ እያራቀ እያራቀ በመጨረሻ ክንዱ አልበቃ ይለዋል። ከእናንተም መካከል ይህን የምታውቁት አትጠፉም። ፊደል በጎልማሳነቱ የቆጠረ ሰው «ትምህርቱ አልገባኝም» ሲል አንዳንድ ጊዜ የደከመው አእምሮው ሳይሆን ዓይኑ ነው።

መሐሉ ወፈር፣ ዳር ዳሩ ሳሳ ያለ መስታወት በዓይን ፊት ሲደረግ ቅርቡ ጽሑፍ ይጠራል። ይህ መስታወት ሌንስ ይባላል። ሌንስ በጥንቱ የሮማ ቋንቋ ምስር ማለት ነው። ምስር ክክ ሳይሆን በእጃችሁ ይዛችሁ ብታዩት ቅርጹ ልክ እንደዚያ መስታወት ነው፤ ስሙ የወጣለት በዚሁ ነው። ሁለት ሌንሶችን አጋጥሞ አፍንጫ ላይ የማኖር ዘዴ የተገኘው በ1286 ገደማ በፒሳ አካባቢ ነው። አንድ የፒሳ መነኩሴ በ1306 ፍሎረንስ ላይ ሲሰብክ፣ መነጽር የመሥራት ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። ንግግሩ በጽሑፍ ስለቆየ ዘመኑን ያወቅነው ከዚያ ነው። የመጀመሪያውን መነጽር የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ግን ስሙ አልተጻፈም። መስታወቱን በብዛት እየሠሩ ያወጡት የቬኒስ ባለሙያዎች ናቸው። በ1352 ትሬቪዞ በምትባል ከተማ በግድግዳ ላይ የተሣለ አንድ ቄስ መነጽር አድርጎ ይታያል። የዚያ ዘመን መነጽር ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ክንድ አልነበረውም፤ አፍንጫ ላይ ተቆንጥጦ ወይም በእጅ ተይዞ ይነበብበት ነበር።

ይህ ትንሽ ዕቃ ያመጣውን ለውጥ አስቡት። ጸሐፊው፣ ሸማኔው፣ ወርቅ አንጥረኛው ሙያው በበሰለበት ዕድሜ ዓይኑ ሲከዳው ሥራውን ይተው ነበር። መነጽር ከመጣ በኋላ ሌላ ሃያ ዓመት መሥራት ቻለ።

ከመነጽር ቀጥሎ ቁጥርን እናንሣ። እኛ አገር የራሳችን ቁጥር አለን፤ ፩፣ ፪፣ ፫ ብለን እንጽፋለን። ለመደመርና ለመቀነስ ግን የምንጠቀምበት 1፣ 2፣ 3 የሚለውን ነው። ይህ የሕንድ ሰዎች ሥራ ነው፤ ከሕንድ ወደ ዓረቦች ተላለፈ። የፒሳው ሊዮናርዶ፣ በኋላ ፊቦናቺ የተባለው፣ አባቱ በአልጄሪያ ወደብ ላይ በጉምሩክ ሥራ ላይ ስለነበር በልጅነቱ ይህን ቁጥር እዚያው ተማረ። በ1202 ስለዚሁ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ አውሮፓውያን ነጋዴዎችም ከዚያ ተማሩ። ቶሎ ግን አልተቀበሉትም። በ1299 የፍሎረንስ የገንዘብ ለዋጮች ማኅበር አባሎቹ በመዝገብ ላይ በዚህ ቁጥር እንዳይጽፉ ከልክሎ ነበር። 0ን 6 ወይም 9 አድርጎ ማጭበርበር ቀላል ነው የሚል ሥጋት ነበራቸው። አዲስ ትምህርትን መፍራት የትም አገር ያለ ነው።

ገንዘብ ለዋጮቹ ገበያ ላይ የሚቀመጡበት አግዳሚ ጠረጴዛ «ባንኮ» ይባል ነበር። ባንክ የሚለው ቃል ከዚያ መጣ። ቡና ቤት ውስጥ ተደግፈን የምንጠጣበት ባንኮኒም የዚያው ዘመድ ነው። የቬኒስ ነጋዴዎች ደግሞ አንድን ሒሳብ በሁለት ቦታ መመዝገብ ለመዱ። ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴ ዘዴውን በ1494 ባሳተመው መጽሐፍ አብራራው። ዘዴው ይህ ነው። ማኅበራችሁ አሥር ኩንታል ስንዴ ሸጠ እንበል። በአንድ በኩል «ከጎተራ አሥር ኩንታል ወጣ» ተብሎ በዋጋው ይጻፋል። በሌላ በኩል «ይህን ያህል ብር ካዝና ገባ» ተብሎ ይጻፋል። በመጨረሻ የሁለቱ ወገን ድምር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ወይ ስሕተት አለ፣ ወይ የተወሰደ ነገር አለ። ይህን አመዘጋገብ የማይወድ ሒሳብ ያዥ ቢያጋጥማችሁ ለምን እንደማይወደው ጠይቁት።

አሁን ደግሞ የእጅ ባትሪያችሁን አንሡ። ድንጋዩን አውጥታችሁ ብታዩት 1.5 ቮልት የሚል ምልክት አለበት። ቮልት የሰው ስም ነው። አሌሳንድሮ ቮልታ የኮሞ ከተማ ተወላጅ ነበር። በእርሱ ዘመን ጋልቫኒ የተባለ የቦሎኛ ሐኪም የሞተ እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረት ሲነካ ሲወራጭ አየ። «ኤሌክትሪኩ ያለው በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ነው» አለ። ቮልታ አልተስማማም። «ኃይሉ የመጣው ከሁለቱ ብረቶች ነው» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን የፈታው በአፍ አይደለም፤ ሠርቶ በማሳየት ነው። የመዳብና የዚንክ ክብ ብረቶችን እያፈራረቀ ደራረበ፤ በየመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን አደረገ። እንቁራሪት በሌለበት ኤሌክትሪክ ወጣ። ይህን ለዓለም ያስታወቀው በ1800 ነው። የእጅ ባትሪው ድንጋይ፣ የመኪናው ባትሪ፣ የስልኩ ባትሪ፣ ሁሉም መነሻቸው ይህ ነው።

ሬዲዮም ከዚያው አገር ነው። ጉሊየልሞ ማርኮኒ በ1895 በቦሎኛ አጠገብ በአባቱ እርሻ ላይ ያለ ሽቦ ምልክት ይልክ ነበር። ከኮረብታው ጀርባ ያለው ረዳቱ ምልክቱ ሲደርሰው ጠመንጃ ተኩሶ ያስታውቀው ነበር ይባላል። በ1901 ምልክቱ ከእንግሊዝ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻገረ። በ1912 ታይታኒክ የተባለው መርከብ ሲሰምጥ ከ700 በላይ ሰዎች የዳኑት በዚህ መሣሪያ ርዳታ ስለጠሩ ነው። እርግጥ ሬዲዮ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጀርመኖችም፣ ሩሲያዊውም፣ ሌሎችም ደክመውበታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ እውነት መደበቅ አንፈልግም። ማርኮኒ የፋሺስት ፓርቲ አባል ነበር። ኢትዮጵያ ስትወረርም ወረራውን ደግፎ ተናግሯል። ይህን ለሽማግሌው ስናነብላቸው «አያችሁ! አላልኳችሁም?» አሉ። እኛም «ልክ ነዎት» አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ሬዲዮኔን ግን አልጥለውም» አሉ። ያለ ዜና አይተኙም።

አሁን ለገበሬ ከሁሉም ይበልጣል ብለን ወደምናስበው ነገር እንምጣ። እርሱም የወባ ጉዳይ ነው። ወባ በውጭ ቋንቋ ማላሪያ ትባላለች። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ማላ መጥፎ፣ አሪያ አየር ማለት ነው። ጣሊያኖች በሽታው ከረግረግ በሚነሣ መጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። እኛም ዘንድ «የቆላ አየር ነው የያዘው» የሚል ሰው አይጠፋም። የጣሊያን ገበሬ ወባን ከእኛ ባልተናነሰ ያውቃታል። በሮማ ዙሪያ ባለው ሜዳ፣ በደቡቡ አገር፣ በሰርዴኛ ደሴት ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ ንዳድ ይዞት ይመለስ ነበር፤ የማይመለሰውም ብዙ ነበር። ለም የሆነው ሜዳ በወባ ምክንያት ሰው አይኖርበትም ነበር።

በ1880 ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በበሽተኛ ደም ውስጥ የወባን ተሕዋስ አየ። በ1897 ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሕንድ አገር ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። ትንኝ ግን ብዙ ዓይነት ናት። ሰውን የምታሳምመው የትኛዋ ናት? ጂዮቫኒ ባቲስታ ግራሲ የተባለ የሮማ ሊቅ ወባ ያለበትንና የሌለበትን አገር እየዞረ ትንኞችን ለቀመ። የትኛዋ ከወባ ጋር አብራ እንደምትገኝ መዘገበ። በ1898 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የምትባለዋ ትንኝ ብቻ መሆኗን በሥራ አረጋገጠ።

ሰው ግን አላመነውም። «በዚህች ትንሽ ነፍሳት ሰው እንዴት ይሞታል?» ተባለ። ስለዚህ በ1900 ሙከራውን ወደ ሜዳ አወጣው። በደቡብ ጣሊያን ካፓቾ በሚባል ወባማ ሜዳ 112 ሰዎችን ከጀምበር መጥለቅ እስከ ንጋት በትንኝ እንዳይነከሱ አድርጎ አኖራቸው። ከ112ቱ ወባ የያዛቸው 5 ብቻ ናቸው። ሳይከለሉ በዚያው ሜዳ የከረሙት 415 ሰዎች ግን ሁሉም ታመሙ። አየሩ ለሁሉም አንድ ነበር፤ የተለየው ንክሻው ብቻ ነው። ዛሬ አጎበር የምንዘረጋው፣ ያቆረ ውሃ የምናፋስሰው በዚህ ዕውቀት ነው። በ1902 የኖቤል ሽልማት ለሮስ ብቻ ተሰጠ፤ ግራሲም እስከ ሞቱ ድረስ ቅር እንዳለው ኖረ። ቅሬታው ያለ ምክንያት አልነበረም እንላለን።

የጣሊያን መንግሥት ኪኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በርካሽ ዋጋ በየሱቁ እንዲሸጥ አደረገ። ረግረጉ ተፋሰሰ። በኋላም ቤቶች በመድኃኒት ተረጩ። ጣሊያን ከወባ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በ1970 ነው። ግራሲ ትንኟን ከለየ በኋላ 72 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ወባ በአንድ ክረምት አትጠፋም።

ሁለተኛው የገበሬ ጉዳይ ስንዴ ነው። ናዛሬኖ ስትራምፔሊ የተባለ የእርሻ ሊቅ ከ1903 ጀምሮ በሪኤቲ ከተማ ይሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ የጣሊያን ስንዴ ሦስት ችግር ነበረበት። ዋግ ይመታዋል። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይጋደማል። ዘግይቶ ስለሚደርስም የበጋው ሐሩር ፍሬውን ያጫጨዋል። ስትራምፔሊ ዋግ የሚችለውን የሪኤቲ ስንዴ ብዙ ከሚያፈራ የሆላንድ ስንዴ ጋር አዳቀለ። በ1913 ደግሞ አጭርና ፈጥኖ ከሚደርስ የጃፓን ስንዴ ጋር አዳቀለው። አዳቀለ ማለት ምን ማለት ነው? የአንዱን ስንዴ አበባ በወረንጦ ከፍቶ ወንዱን ክፍል ያወጣል፤ የሌላውን ስንዴ ብናኝ ያደርግበታል። ከዚያ ዘሩን ዘርቶ መልካሙን እየመረጠ ዓመታት ይጠብቃል። ባለቤቱ ካርሎታ አብራው ትሠራ ነበር፤ በስሟ የተጠራ የስንዴ ዘር አለ።

ከእነዚህ ሥራዎች አጭር፣ ፈጥኖ የሚደርስና የማይጋደም ስንዴ ተገኘ። ሙሶሊኒ በ1925 «የእህል ጦርነት» ብሎ ሲፎክር የፎከረው በስትራምፔሊ ዘር ነው። ዘሩ ግን ለፉከራ ብቻ አልዋለም። ሜንታና የሚባለው የስትራምፔሊ ስንዴ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ፣ ቦርሎግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በዚያ ለጀመረው የማዳቀል ሥራ አገልግሏል። የሜክሲኮው ስንዴ ወደ ሕንድና ወደ ፓኪስታን ተሻግሮ ብዙ ሕዝብ መገበ። ወደ እኛም አገር መጥቷል። የእኛ ገበሬ ኩብሳ ብሎ የሚያውቀው ስንዴ ከዚያው ከሜክሲኮው የምርምር ተቋም የመጣ ነው። በ2010 ኩብሳን ቢጫ ዋግ ክፉኛ እንደጎዳው የምታስታውሱ አላችሁ። ዋግ መልኩን ይለዋውጣል፤ ስትራምፔሊ የጀመረው ሥራም ስለዚህ አላለቀም።

ስለ ምግብ ካነሣን ፓስታን በሁለት ቃል እንለፈው። ፓስታን ማርኮ ፖሎ ከቻይና አመጣው የሚባለው ተረት ነው። ማርኮ ፖሎ ወደ ቬኒስ የተመለሰው በ1295 ሲሆን፣ አል ኢድሪሲ የተባለ የዓረብ ጸሐፊ በሲሲሊ ደሴት ፓስታ ተሠርቶ በመርከብ እንደሚላክ የጻፈው በ1154 ነው። ቲማቲሙ ደግሞ የአሜሪካ ተክል ነው። ጣሊያኖች መርዝ መስሏቸው ለረጅም ጊዜ ፈርተውት ነበር።

ቡና ግን የእኛ ነው። ከኢትዮጵያ ጫካ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ቱርክ ግዛት ተሻገረ፤ ከዚያ በነጋዴዎች እጅ ቬኒስ ገባ። በቬኒስ በ1720 የተከፈተው ፍሎሪያን የተባለው ቡና ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። ጣሊያኖች የጨመሩበት ማሽኑን ነው። በ1884 ሞሪዮንዶ የተባለ የቶሪኖ ሰው በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን አስመዘገበ። በ1901 ቤዜራ የተባለው የሚላኖ ሰው አሻሻለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጋጂያ የተባለው ደግሞ በእጅ የሚጎተት ማንሻ ገጠመለት። የተጠቀጠቀው የቡና ዱቄት መካከል ትኩስ ውሃ በኃይል ያልፋል፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቡናው ከነአረፋው ይወርዳል። ለሚቸኩል ሰው ጥሩ ነው። የእኛን ከጠየቃችሁን አቦል፣ ቶናና በረካ ተቀምጦ የሚጠጣበትን ጀበና እንመርጣለን።

ከተማ ወርዳችሁ ማኪያቶ ብታዙ፣ የቃሉ ትርጉም «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው። ቡናው ላይ ወተት ጠብ ስለሚደረግበት ነው። ሽማግሌው ስለ ዋጋው ጠይቀውን ነገርናቸው። «በዚህ ዋጋ ስንት ስኒ ይወጣ ነበር!» ብለው ሳቁ። ጣሊያኖች የሚጠጡትን ቡና ከውጭ አገር እየገዙ ያስገባሉ። ከሚገዙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።